በሚኒሞ ስለሚንቀጠቀጥና ቤንዚን ስለሚበዛበት ያረጀ አውቶሞቢል

የቡና መልቀሚያ ወራት በደረሰ ጊዜ ከነቀምቴ በዲዴሳ ሸለቆ በኩል ወደ ጊምቢ የሚመላለስ ነጋዴ ሐሳቡ ሁሉ በቡናው ዋጋ ላይ ነው፤ አውቶሞቢሉን የሚያስታውሰው ችግር ሲያመጣበት ብቻ ነው። ችግሩም አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው በመንገድ ላይ ሳይሆን በመደብሩ ደጃፍ ነው። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ፥ ማለት በሚኒሞ ሳለ፥ ይንቀጠቀጣል፤ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ የቤንዚን ሽታ እስከ መደብሩ ውስጥ ይገባል፤ ሾፌሩም ሞተሩ እንዳይጠፋበት ቤንዚን መስጫውን እየረገጠ ይቆያል። ያን ጊዜ በአጠገቡ የተገኘ ሰው ሁሉ አንድ ፍርድ ይሰጣል፤ «ካርቡራተሩ አልቋል» ይላል።

በዚሁ ፍርድ መሠረት ወደ 330 ኪሎ ሜትር ከሚርቀው ከአዲስ አበባ ካርቡራተር ይታዘዛል፤ በአውቶቡስ ተጭኖ ይመጣል፤ ይገጠማል። ሞተሩም ጸጥ ብሎ ይሠራል፤ ነጋዴውም ገንዘቡ በከንቱ እንዳልወጣ አይቶ ደስ ይለዋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ጭሱም፥ ሽታውም፥ መንቀጥቀጡም እንደ ቀድሞው ይመለሳል። እንዲህ ያለው ነገር በየከተማው የሚደርስ ስለሆነ፥ ምክንያቱ ምን እንደሆነና ዕቃ ከመግዛት በፊት እንዴት እንደሚመረመር ከዚህ ቀጥሎ ይገለጻል።

ነገሩ ለነጋዴ ቀላል አይደለም። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን በየደረጃው ማንሣት ስለ ጀመረ የቤንዚን ዋጋ ደጋግሞ ጨምሯል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። ስለዚህ ዛሬ በነቀምቴ፥ በጊምቢ፥ በደምቢ ዶሎ ወይም በሻምቡ ባለ ካርቡራተር ቶዮታ ዲኤክስ፥ ፔጆ 404፥ ቮልስዋገን ወይም የቤንዚን ላንድሮቨር ያለው ሰው በቀላሉ የማይተካ ንብረት ይዟል ማለት ነው። ሞተሩን በቤንዚን ብዛት ቢያበላሸው ሌላ መኪና ገዝቶ የሚገላገልበት ዘመን አይደለም።

ካርቡራተር ሥራው ቤንዚንን አድቅቆ ከአየር ጋር መደባለቅ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን ፈጽሞ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል። ይህም በሊትር ሲታሰብ እጅግ ያስደንቃል፤ በባሕር ዳርቻ ባለው አየር አንድ ሊትር ቤንዚን ለማቃጠል 9,000 ሊትር ያህል አየር ይጠይቃል። እንግዲህ የአየሩ መግቢያ በጥቂቱ እንኳ ቢታፈን፥ ወይም ቤንዚኑ በጠብታ ብቻ ቢጨምር፥ ሚዛኑ ይፋለሳል። በሚኒሞ ጊዜ ደግሞ ሞተሩ የሚስበው አየር በጣም ጥቂት ስለሆነ፥ በመንገድ ላይ የማይታወቅ ትንሽ ጉድለት ቆሞ ሲሠራ ወዲያው ይገለጣል።

ለወለጋ ደጋ ከተሞች አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ሻምቡም ከዚያ በላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ለሚጠጋ መጠን የሳሳ ነው። ካርቡራተር አየርን በሚዛን መዝኖ አያውቅም፤ የሚያውቀው በጉሮሮው የሚያልፈውን ነፋስ ኃይል ብቻ ነው። ስለዚህ ለባሕር ዳር አገር የተዘጋጀ ካርቡራተር በነቀምቴ ሲሠራ፥ ምንም ብልሽት ሳይኖርበት፥ ቤንዚኑ ከሚገባው በላይ አንድ አሥረኛ ያህል ይበዛበታል። ይህ ብቻውን ጥቁር ጭስ አያስወጣም፤ ሆኖም ሞተሩ ለስሕተት የሚሆን ትርፍ ቦታ አጥቶ ይኖራል። በአሰብ ወይም በጂቡቲ የማይታወቅ ትንሽ ጉድለት በነቀምቴ ሞተር ያንቀጠቅጣል። ይህንኑ ሾፌሮች ሳያውቁት ይመሰክሩታል፤ «ወደ ዲዴሳ ስወርድ ይሻለዋል፥ ዳገቱን ስወጣ ይብስበታል» ሲሉ ቤንዚን እንደሚበዛበት መናገራቸው ነው።

መርማሪው ከሁሉ አስቀድሞ ማረጋገጥ ያለበት ሞተሩ በእውነት ቤንዚን በዝቶበት እንደሆነ ነው፤ የሚንቀጠቀጥ ሞተር ሁሉ ቤንዚን የበዛበት አይደለምና። የጭሱ መልክ የመጀመሪያው ምስክር ነው። ጥቁር ጭስ ያልተቃጠለ ቤንዚን ነው፤ ሰማያዊ ጭስ ግን ሞተሩ ዘይት እንደሚያቃጥል የሚያመለክት ስለሆነ ነገሩ የፋሻ ወይም የቫልቭ ነው፥ ካርቡራተር ቢለወጥም አይድንም። በማለዳ ለጥቂት ደቂቃ የሚታየው ነጭ ጭስ እንፋሎት ነው። ሁለተኛው ምስክር ሙቀት ነው። ቤንዚን የሚበዛበት ሞተር በማለዳ ቀዝቅዞ ሳለ ደኅና ይሠራል፤ እየሞቀ ሲሄድ ይታወካል። ቤንዚን የሚያንሰው ግን በማለዳ እያነጠሰ ያስቸግራል፥ ሲሞቅ ይሻለዋል። ባለንብረቱ ሾፌሩን «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ ከሚጠይቀው ይልቅ «ከቀኑ በየትኛው ሰዓት ነው?» ቢለው የበለጠ ያውቃል።

ሦስተኛው ምስክር ካንዴላ ነው። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ጥቂት ደቂቃ ከሠራ በኋላ ይጠፋል፤ ከዚያም አራቱም ካንዴላዎች ተፈትተው በየተራቸው በጨርቅ ላይ ይደረደራሉ። አራቱም እንደ ጥላሸት ደረቅ ጥቁር ለብሰው ከተገኙ፥ ለሁሉም የጋራ የሆነ ነገር ተበላሽቷል፤ ይኸውም የአየሩ ወይም የቤንዚኑ አገባብ ነው። ሦስቱ ቡናማ ሆነው አንዱ ብቻ ቢጠቁር ግን ካርቡራተሩን መክሰስ አይገባም። ያ አንዱ ብልጭታ አላገኘም፥ ወይም እመቃው ደክሟል። ጥቁረቱ ደረቅ ሳይሆን ዘይትነት ያለው እርጥብ ከሆነም እንደዚሁ ነገሩ ወደ ፋሻ ይሄዳል። ይህ ምርመራ የአንድ ካንዴላ መፍቻና የሩብ ሰዓት ጊዜ ብቻ ይጠይቃል፤ ግን ስንት ካርቡራተር ሳይመረመር ተገዝቷል!

ብልጭታው የሚያጠራጥር ከሆነ ፑንቲናው ይታያል። በቮልስዋገን የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ተቃጥሎ ጉብታ ካወጣ ግን መለኪያው ስለሚሳሳት መለወጡ ይሻላል። ደካማ ብልጭታ የገባውን ቤንዚን ሳያቃጥል ስለሚያስወጣው፥ የቤንዚን ሽታና የጠቆረ ካንዴላ ያመጣል፤ ስለዚህ የብልጭታ ጉድለት ዘወትር የካርቡራተርን ልብስ ለብሶ ይመጣል። የብልጭታው ነገር ሳይስተካከል ካርቡራተር መንካት ሁለት ስሕተት በአንድ ላይ መሥራት ነው።

ከቤንዚኑም ከራሱ የሚመጣ ማታለል አለ። በማደያ ቤንዚን በጠፋ ጊዜ በጀሪካን የሚሸጠው ላምባ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ላምባ በቀላሉ ስለማይተን ካንዴላን ያጠቁራል፥ ሞተርን ያንቀጠቅጣል፤ መልኩ ሁሉ ቤንዚን የበዛበትን ይመስላል። ማወቂያው ቀላል ነው፤ ከእሳት ርቆ አንድ ጠብታ በንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ ማንጠብ ነው። ንጹሕ ቤንዚን በጥቂት ጊዜ ተንኖ ምልክት ሳይተው ይጠፋል፤ ላምባ የተቀላቀለበት ግን እንደ ቅባት ያለ ክብ ምልክት ትቶ ይቆያል።

ቤንዚን መብዛቱ ከተረጋገጠ በኋላ ምርመራው ከአየሩ በኩል ይጀመራል፥ በዚያ በኩል የሚገኘው መፍትሔ ሁሉ ርካሽ ነውና። የአየር ማጣሪያው ወጥቶ ሞተሩ ያለ እርሱ ለጥቂት ጊዜ ቢሠራና መንቀጥቀጡ ቢቀር፥ በሽታው ተገኘ ማለት ነው። በበጋ የወለጋ አቧራ ማጣሪያን በፍጥነት ይደፍናል። በቮልስዋገንና በላንድሮቨር ላይ የሚገኘው ባለ ዘይት ማጣሪያ ደግሞ ዘይቱ ከምልክቱ በላይ ሲሞላ አየር ያፍናል፤ «ትንሽ ቢበዛ አይጎዳም» ብሎ የሚሞላ እጅ ብዙ ነው። በዚህ ጊዜ ሞተሩ ወደ ካርቡራተሩ አፍ እሳት ሊተፋ ስለሚችል ፊትን ወደዚያ አስጠግቶ ማየት አይገባም። ምርመራውም በሜዳ እንጂ በተዘጋ ጋራዥ አይደረግም፤ ቤንዚን የበዛበት ሞተር የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ሽታ የሌለው ገዳይ ነው።

ከማጣሪያው ቀጥሎ ቾኩ ይታያል። ቾክ በብርድ ጊዜ አየሩን ቀንሶ ቤንዚን እንዲበዛ የሚያደርግ ክዳን ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ክዳኑ ፈጽሞ ተከፍቶ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ተጋድሞ ከቀረ መኪናው ቀኑን ሙሉ እንደ ማለዳ ይመገባል። በእጅ የሚሳብ ከሆነ ሽቦው ዝጎ ሳይመለስ ይቀራል። በራሱ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ በኤሌክትሪክ ወይም በሞተሩ ውሃ ሙቀት የሚከፈት ስለሆነ፥ የኤሌክትሪኩ ሽቦ መቆረጡ ወይም ሞተሩ አለመሞቁ ይመረመራል። በዚህ ላይ አንድ መጥፎ ልማድ ሊነሣ ይገባዋል። ሞተር ሞቀ ሲባል አንዳንድ መካኒክ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ይጥለዋል። ከዚያ ወዲህ እንደ ነቀምቴ ባለ ቀዝቃዛ አገር ሞተሩ በቶሎ አይሞቅም፤ በውሃ ሙቀት የሚከፈተው ቾክ ተዘግቶ ይቆያል፤ ቤንዚኑም ይበዛል። ከወራት በኋላ ካርቡራተሩ ሲከሰስ ቴርሞስታት ወጥቶ እንደ ነበር የሚያስታውስ የለም።

አየሩ ንጹሕ ሆኖ ቾኩም ተከፍቶ በሽታው ካልተገኘ ወደ ካርቡራተሩ ይገባል፤ ዋናው ነገርም እዚህ ነው። በካርቡራተሩ ጎን ቤንዚን የሚጠራቀምበት ትንሽ ጽዋ አለ፤ በጽዋው ውስጥ የሚንሳፈፍ ነገር አለ፤ ይህም በውሃ ታንከር ውስጥ እንዳለው ተንሳፋፊ ቤንዚኑ ሲሞላ ወደ ላይ ወጥቶ አንዲት መርፌ በቀዳዳዋ ላይ ይጫናል፥ መግቢያውንም ይዘጋል። መርፌይቱ ወይም መቀመጫዋ ከተበላች፥ ወይም በመካከላቸው ከአሸዋ ያነሰች ቁራጭ ብትገባ፥ መግቢያው አይዘጋም፤ ጽዋው ሞልቶ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ ይፈስሳል።

ይህን ሳይፈቱ ለማወቅ ይቻላል። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ የአየር ማጣሪያው ይነሣል፤ ቤንዚን መስጫው ሳይነካ በባትሪ መብራት (በክብሪት ግን ከቶ አይሆንም) ወደ ካርቡራተሩ ጉሮሮ ይታያል። ቤንዚን ጠብ ጠብ ሲል ከታየ መርፌው አልያዘም። ሲፈታም የላይኛው ክዳን ተገልብጦ፥ ተንሳፋፊው መርፌውን እንደ ተጫነ፥ በቤንዚኑ መግቢያ ላይ በንጹሕ ላስቲክ ይነፋል፤ እስትንፋሱ ካለፈ መርፌው መለወጥ አለበት። ተንሳፋፊው ከናስ የተሠራ ከሆነ በጆሮ አጠገብ ይናጣል፤ በውስጡ ፈሳሽ ከተሰማ ተበስቷል። ቀዳዳው የት እንደሆነ ለማግኘት በሙቅ ውሃ ውስጥ ይነከራል፥ አረፋ ከሚወጣበት ላይ ነው።

በዚሁ ጽዋ አጠገብ የሚገኙት ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎችም መረሳት የለባቸውም። ለሚኒሞ የሚሆነው ቤንዚን አስቀድሞ በእነዚህ ቀዳዳዎች ከሚገባ አየር ጋር ይደባለቃል፤ አንዱ በአቧራ ሲደፈን አየሩ ቀርቶ ቤንዚኑ ብቻ ያልፋል። የሚጸዱት በነፋስ ነው። በሽቦ መጎርጎር ቀዳዳውን ያሰፋዋል፥ የሰፋ ቀዳዳ ደግሞ ወደ ቀድሞ ልኩ አይመለስም።

ስለ ማስተካከያው ቪቴ ብዙ አለመግባባት አለ። ሞተር በተንቀጠቀጠ ቁጥር ካቻቢቴ ይዞ ቪቴውን ማዞር የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ቪቴው መጀመሪያ መመርመሪያ፥ በኋላ ማስተካከያ ነው። በብዙ ካርቡራተሮች ላይ ቪቴው ወደ ውስጥ ሲዞር ቤንዚኑ ይቀንሳል። ሞተሩ ሞቆ ሳለ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይዞራል፤ ፈጽሞ ሲዘጋ ሞተሩ መጥፋት ወይም ሊጠፋ መድረስ አለበት። ተዘግቶም ሞተሩ ምንም ሳይሰማው መሥራቱን ከቀጠለ፥ ቤንዚን በሌላ በር እየገባ ነው። ያን ጊዜ ቪቴውን ማዞር ዋጋ የለውም፤ ወደ መርፌውና ወደ ተንሳፋፊው መመለስ ነው። ቪቴው መጨረሻ ላይ ሲደርስ በኃይል መጥበቅ የለበትም፥ የሾለ ጫፉ መቀመጫውን ይሰብራልና። በዘመን ኋላ የመጡ አንዳንድ የቮልስዋገን ካርቡራተሮች ሁለት ቪቴ ስላላቸው የትኛው ምን እንደሚሠራ ሳያውቁ መንካት አይገባም።

ባለንብረቱ ይህን ሁሉ ለመካኒኩ ቢተው እንኳ አንዱን ነገር ራሱ ማድረግ ይገባዋል፤ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ ማሽተት። ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ቢሸት፥ ወይም ሳይጨመርበት ከፍ ብሎ ቢገኝ፥ ያልተቃጠለው ቤንዚን በፋሻው አልፎ ወደ ዘይቱ ወርዷል፥ ወይም የቤንዚኑ ፓምፕ ሽፋን ተቀድዷል። ቤንዚን የቀጠነው ዘይት ሞተርን አያለሰልስም። በዚህ ሁኔታ አንድ ጊዜ እንኳ የዲዴሳን ዳገት መውጣት ሞተሩን ለትልቅ ጥገና ሊዳርገው ይችላል፤ ስለዚህ መኪናው መቆም፥ ዘይቱም ምክንያቱ ከተገኘ በኋላ መለወጥ አለበት። የፓምፑ ላስቲክ በዕድሜ ይደርቃል። ቤንዚን ከአልኮል ጋር ሲደባለቅም ለዚያ ያልተሠራ የድሮ ላስቲክ ይጎዳል፤ በወለጋ ከሚገኘው ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የወጣው ኤታኖል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በአዲስ አበባ ከቤንዚን ጋር ሲደባለቅ እንደ ነበረ ይታወቃል። አልኮል በታንከር ውስጥ ለዓመታት የተጋገረውንም ቆሻሻ ያላቅቃል።

አሁን ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ተመለሰው በሽታ እንመለስ። አዲሱ ካርቡራተር አልተበላሸም ነበር፤ አሮጌውም አላለቀም ነበር። በጀሪካን ሲቀዳ የኖረው ቤንዚን ውሃና ደለል ይዞ ወደ ታንከሩ ገብቷል፤ ታንከሩም ከውስጥ ዝጓል። በመንገድ ላይ የቤንዚን ማጣሪያው ተደፍኖ መኪናው በቆመ ጊዜ አንድ ሰው ማጣሪያውን አውጥቶ ሁለቱን ላስቲኮች በቧንቧ አገናኝቷቸዋል፤ ይህም ለጊዜው ወደ ቤት ለመግባት የተደረገ ሲሆን በዚያው ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ የዝገቱ ቅንጣት በቀጥታ ወደ መርፌዋ ይሄዳል። አዲስ ካርቡራተር ሲገባ አዲስ መርፌ ስለ ገባ ሁለት ሳምንት ያዘ፤ ቅንጣቷ ስትደርስ ደግሞ ለቀቀ። ሦስተኛ ካርቡራተር ቢገዛም እንዲሁ በሆነ ነበር። መድኃኒቱ ታንከሩን አውርዶ ማጠብ፥ ቧንቧውን በነፋስ መጥረግና ማጣሪያውን ወደ ቦታው መመለስ ነው።

የዕቃ መለዋወጫ የሚሸጡ ባለ መደብሮች በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። ሙሉ ካርቡራተር ብዙ ገንዘብ በመደርደሪያ ላይ አስሮ ይቀመጣል። መርፌና መቀመጫዋ፥ የጓርኒሲዮን ስብስብ፥ የፓምፕ ላስቲክ፥ የቤንዚን ማጣሪያና ቴርሞስታት ግን ተሰብስበው አንድ መሳቢያ አይሞሉም፤ በየጊዜውም ይፈለጋሉ። አስመጪውም ከወለጋ ትእዛዝ ሲመጣለት «የዲኤክስ ካርቡራተር መርፌ» የሚለው ብቻ ሊበቃው አይገባም፤ በአንድ ዓይነት መኪና ላይ የተለያየ ካርቡራተር ሊገጠም ስለሚችል በካርቡራተሩ አካል ላይ የተመታው ቁጥር ተጽፎ እንዲላክ መጠየቅ አለበት። ቁጥሩ ሳይጻፍ የተላከ ዕቃ ወደ ነቀምቴ ደርሶ ተመልሶ ወደ አዲስ አበባ መሄዱ ለላኪውም ለተቀባዩም ኪሣራ ነው።

የጥገናው ውጤት በጆሮ ብቻ ሳይሆን በመዝገብ መታየት አለበት። ታንከሩ እስከ አፉ ይሞላል፤ የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ይጻፋል፤ ከጉዞ ሲመለስ እንደ ገና እስከ አፉ ይሞላል፤ የተጨመረው ሊትር ይጻፋል። ለምሳሌ ወደ ጊምቢ ሄዶ ለመመለስ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሊትር 10 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ለዚህ ጉዞ 22 ሊትር ይፈጃል፤ ቤንዚን በዝቶበት በሊትር 7 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ግን ከ31 ሊትር በላይ ይጠጣል። በአሥር ምልልስ ልዩነቱ ከ90 ሊትር ያልፋል። ይህን በዕለቱ የቤንዚን ዋጋ ማባዛት ለማንኛውም ነጋዴ አስቸጋሪ ሂሳብ አይደለም፤ የመርፌዋንም ዋጋ በአጠገቡ መጻፍ ይቻላል።